ከመልህቅ እስከ ዳርቻ፦ የመርከበኛው ዲንጊና ሞተሯ

ቤኪያ በምሥራቅ ካሪቢያን፣ በሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ ሥር ያለች ትንሽ ደሴት ናት። አድሚራልቲ ቤይ የሚባለው ወሽመጧ አፉን ወደ ምዕራብ ከፍቷል። በበጋው ወራት የንግድ ነፋስ የሚባለው፣ ከምሥራቅ የሚመጣው የማያባራ ነፋስ ኮረብታውን ተሻግሮ ወሽመጡ ላይ ይወርዳል፤ እዚያ መልህቅ የጣሉ ባለ ሸራ ጀልባዎችም ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ይቆማሉ። መንደሩ ፖርት ኤልዛቤት ያለው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው። ዳቦ ለመግዛት፣ የጉምሩክ ወረቀት ለማስመታት፣ ልብስ ለማሳጠብ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ነፋሱን ፊት ለፊት መግጠም አለበት።

ይህን የጠዋት ጉዞ ዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው ስለ ዲንጊ፣ ማለትም ከትልቋ ጀልባ ወደ ዳርቻ ስለምታመላልሰው ትንሽ ጀልባ፣ ምርጫ ብዙ ይማራል። ወለሏ ለስላሳ የሆነ አንዲት ትንሽ ዲንጊ፣ ኋላዋ ላይ 2.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተሰቅሎባት፣ እያቃሰተች ትመጣለች። ማዕበሉ አፍንጫዋን በመታ ቁጥር ውሃው ከፊት የተቀመጠችውን ሴት ያለብሳታል፤ ጭኗ ላይ ያቀፈችው የልብስ ከረጢት ደርቆ እንደማይደርስ ከሩቅ ያስታውቃል። የአሉሚኒየም ቀፎ ያላት ሌላ ዲንጊ ከውሃው ቀና ብላ በማዕበሉ አናት ላይ እየተንሸራተተች በጎኗ ታልፋለች፤ አራት ሰው ጭናለች፣ አራቱም ደረቅ ናቸው። ከዳርቻው ጥግ፣ ነፋሱ በማይደርስበት በኩል፣ አንድ ሽማግሌ በእንጨት ዲንጊ ተቀምጠው ረጅም መቅዘፊያቸውን እያወዛወዙ ያለ አንዳች ድምፅ ይመጣሉ። ሦስቱም መንደሩ ደረሱ። እንዴት እንደ ደረሱ ግን ይለያያል፤ ማታ ሲመለሱ፣ ሌሊት ሲያድሩ፣ ነገ ወደ ሌላ ደሴት ሲሻገሩ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

ይህን የምጽፈው በተለይ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ አንባቢዎች ነው። አናፖሊስ ከዋሽንግተን ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በየዓመቱ በጥቅምት ወር ታላቅ የሸራ ጀልባ ትርኢት ይካሄድባታል። የቼሳፒክ ወሽመጥ ለጀማሪ የሚመች ውሃ ነው፤ ያገለገለች ባለ 9 ወይም ባለ 10 ሜትር ጀልባም ከብዙ ሰው መኪና በማይበልጥ ዋጋ ትገኛለች። ጀልባዋን ለመምረጥ ዓመት የፈጀ ሰው ግን ዲንጊዋንና ሞተሯን በአንድ ከሰዓት በኋላ ገዝቶ ሲመለስ ይታያል። ያሳዝናል። መልህቅ በተጣለ ቁጥር ሰውን፣ ምግብን፣ ቤንዚንን፣ የመጠጥ ውሃን፣ የታመመን ሰው ሳይቀር የምታመላልሰው ዲንጊዋ ናትና።

ብዙው ገዢ ምርጫውን ከፈረስ ጉልበት ይጀምራል። “ስንት ጉልበት ይሻለኛል?” ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም ደስ ብሎት ትልቁን ያሳየዋል። በእኔ እምነት መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ክብደት ነው፦ ዲንጊዋንና ሞተሩን ማታ ከውሃ ማን ያወጣቸዋል? በምን?

ማታ ማታ ማውጣት

በምሥራቅ ካሪቢያን ከመርከበኞች ንብረት እንደ ዲንጊና እንደ ሞተሯ የሚሰረቅ የለም። ሌሊት ከትልቋ ጀልባ ኋላ በገመድ ታስራ የምታድር ዲንጊ ገመዷ በቢላዋ ይቆረጥና በጨለማ ትወሰዳለች። ስለዚህ መርከበኞች አንሣት ወይም እጣት ይባባላሉ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከዲንጊዋ ሦስት ወይም አራት ማዕዘን የሚነሡ ገመዶች አንድ ቀለበት ላይ ይገናኛሉ፤ ሸራ የሚወጣበት ገመድ ቀለበቱ ላይ ይታሠርና በመጠምጠሚያው እየተጎተተ ዲንጊዋ በጀልባዋ ጎን እስከ አጥሩ ድረስ ከፍ ትላለች። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከታች ሆዷ ንጹሕ ሆኖ ያድራል፣ አረምና ዛጎል አይበቅልበትም፤ ይህ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው።

ይህን ሥራ ግን በየምሽቱ የሚሠራው የደከመ ሰው ነው። ዝናብ ባለበት፣ ጀልባዋ በምትናወጥበት ምሽት 110 ኪሎ ማንሣት ያስቸግራል፤ ያስቸገረ ሥራ ደግሞ ይታለፋል። አንድ ምሽት ይታለፋል፣ ሁለተኛም ይታለፋል፣ በሦስተኛው ዲንጊዋ የለችም። ቀላል ዲንጊና ቀላል ሞተር የገዛ ሰው በየምሽቱ ያነሣታል። የክብደት ጉዳይ የምቾት ብቻ አይደለም የምለውም ለዚህ ነው።

ቁጥሮቹን ላስቀምጥ። ወለሏ የሚጠቀለል፣ በአየር የምትነፋ ባለ 2.4 ሜትር ዲንጊ ከ20 እስከ 28 ኪሎ ትመዝናለች። ወለሏም በከፍተኛ ግፊት አየር የሚነፋ ባለ 3 ሜትር ከሆነች 30ን አልፋ እስከ 40 ትደርሳለች። ቀፎዋ አሉሚኒየም፣ ዙሪያዋ የአየር ቱቦ የሆነች ባለ 3 ሜትር እንደ አሠራሯ ከ45 እስከ 60 ኪሎ ናት። ያችው ቀፎዋ ፋይበርግላስ ሲሆን፣ በተለይ ከላይ ሌላ ጠፍጣፋ ወለል ከተጨመረላት፣ ከ60 እስከ 80 ይገባል። ሞተሮቹም እንዲሁ፦ 2.5 የፈረስ ጉልበት ከ14 እስከ 18 ኪሎ፣ 6 የፈረስ ጉልበት 26 ኪሎ ገደማ፣ 9.8 የሚባለው 37 ኪሎ፣ ከ15 እስከ 20 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ከ45 እስከ 55 ኪሎ። እነዚህ የፎር-ስትሮክ ሞተሮች ክብደቶች ናቸው።

ከትልቋ ጀልባ ወደ ዲንጊዋ ሞተር ሲወርድ የሚሆነውን አስቡት። አንዱ ሰው ላይ ቆሞ ያወርዳል፣ ሌላው ከታች የምትወዛወዝ ዲንጊ ውስጥ ቆሞ ይቀበላል። 14 ኪሎ በአንድ እጅ ይያዛል። 26 ኪሎ ሁለት እጅና ጥሩ እግር ይፈልጋል። 37 ኪሎን ያለ ማንሻ መሞከር ሞተሩን ወይም ወገብን ለአደጋ መስጠት ነው። ከ25 ኪሎ በላይ የሆነ ሞተር የሚገዛ ሁሉ ከጀልባው ኋላ አጥር ላይ የምትገጠም ትንሽ የሞተር ማንሻ ክንድ ዋጋ አብሮ ያስብ።

ጆሹዋ ስሎከም ይህን የስፋትና የክብደት ነገር ገና ሞተር በሌለበት ዘመን ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ተነሥቶ በ1898 ዓለምን ብቻውን በሸራ የዞረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ስፕሬይ የምትባለው ጀልባው ርዝመቷ 11 ሜትር ገደማ ነበር፤ ሙሉ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይዋ አይሰፍርም። ስለዚህ አንዷን ከመካከል ቆርጦ፣ የተቆረጠውን ጎን በሳንቃ ዘግቶ፣ ግማሿን ዲንጊ አደረጋት። ባሕር ላይ ልብስ ማጠቢያም ገላ መታጠቢያም ሆና አገለገለችው። ስፕሬይ በኡራጓይ ዳርቻ አሸዋ ላይ በወጣች ጊዜ ግን በዚያች ግማሽ ጀልባ መልህቅና ገመድ ጭኖ ወደ ጥልቁ ሲቀዝፍ ውሃ ሞላባትና ተገለበጠች። ስሎከም ዋና አይችልም ነበር፤ የተረፈው ጠርዟን ሙጥኝ ብሎ ነው። መልህቅ ተሸክሞ መውጣት ዛሬም የዲንጊ ሥራ ነው፤ ጀልባዋ መሬት ከነካች የሚያድናት ያ ጉዞ ስለሆነ ዲንጊዋ ሰው፣ መልህቅና ሰንሰለት ችላ መንሳፈፍ አለባት።

የምትቀመጥበት ቦታም ከመግዛት በፊት በሜትር ይለካ። ከመሎጊያው እስከ መልህቅ ማውጫው ያለው የፊት መድረክ 2.7 ሜትር ከሆነ ባለ 3.1 ሜትር ዲንጊ በምንም ተአምር አትገባም። ብዙ ጀልባ ከኋላ ሁለት ማንጠልጠያ ክንዶች አሉት፤ ለወደብና ለአጭር ጉዞ እንደነሱ የሚመች የለም። ወደ ክፍት ባሕር ሲወጣ ግን ከኋላ የመጣ አንድ ማዕበል የተንጠለጠለችውን ዲንጊ ሊሞላ ይችላል፤ በውስጧ ያለው ውሃ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይሆናል፣ ክንዶቹንም ከሥራቸው ይነቅላል። ለሩቅ ጉዞ ቦታዋ የፊት መድረክ ነው፤ ተገልብጣ፣ በደንብ ታስራ። በገመድ እየጎተቱ ባሕር መሻገርንስ ጨርሶ አልመክርም።

ፀሐይ የምትበላው ቱቦ

የአየር ቱቦዎቹ ከሁለት ዓይነት ጨርቅ በአንዱ ይሠራሉ። አንዱ ፒቪሲ ነው፤ ርካሽ ነው፣ መጋጠሚያው በሙቀት ይበየዳል፣ ሲገዛም ያምራል። ሌላው ሃይፓሎን የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ በእጅ በማጣበቂያ ይገጣጠማል፣ ዋጋውም በጉልህ ይበልጣል። ስሙን ያወጣለት ዱፖንት ጎማውን ማምረት በ2010 አቁሟል፤ ያንኑ ዓይነት ጎማ ሌሎች ስለሚያመርቱት ገበያው ግን በድሮ ስሙ ይጠራዋል።

ልዩነቱ የሚታየው በፀሐይ ነው። ፒቪሲን ለስላሳ የሚያደርገው ቅመም በሙቀትና በብርሃን ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቱቦው እጅ ላይ መጣበቅ ይጀምራል፣ መጋጠሚያዎቹም ይለቃሉ። በካሪቢያን ፀሐይ አምስት ዓመት የደፈነ ፒቪሲ ባለቤቱ ዕድለኛ ነው፤ ጥሩ ሃይፓሎን እዚያው አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ያገለግላል። ሜሪላንድ ውስጥ በዓመት አምስት ወር ብቻ የምትወጣ፣ ክረምቱን ተጣጥፋ ጋራዥ ውስጥ የምታሳልፍ ዲንጊ ግን ለሃይፓሎን ያን ያህል ገንዘብ አታስወጣም፤ ፒቪሲ ይበቃታል። ያም ሆነ ይህ ቱቦውን የሚሸፍን የሸራ ልብስ ማሰፋት ከፀሐይም፣ ከሻካራ መቆሚያም ያድናል። በየደሴቱ ሸራ ሰፊ አለ፤ ይሰፋሉ።

ሆዷ ጠንካራ መሆን አለባት ወይ? ነፋስና ማዕበል ባለበት ወሽመጥ፣ አዎ። ወደታች ሹል የሆነ ጠንካራ ቀፎ ማዕበሉን ይሰነጥቃል፣ አቅጣጫ ይይዛል፣ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ሲጎተት አይቀደድም። ለስላሳ ወለል እንደ ፍራሽ ይታጠፋል፤ ሞተር ሲጨመር ጉልበቱ ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወለሉን በማጠፍ ያልቃል። በእንጨት ወይም በፋይበርግላስ ብቻ የተሠራች፣ ቱቦ የሌላት ዲንጊም የራሷ ክብር አላት። ሊንና ላሪ ፓርዲ የሚባሉት ባልና ሚስት ሰራፊንና ታለይሲን በተባሉ ሞተር አልባ ጀልባዎቻቸው ዓለምን ሲዞሩ ዳርቻ የሚደርሱት በመቅዘፊያ ነበር። እንዲህ ያለችው ጀልባ በእውነት ትቀዘፋለች፤ ቤንዚን አትጠይቅም፣ በሚስማር አትፈነዳም። በአየር የምትነፋ ግን በመቅዘፊያ ነፋስ አትረታም። ቀላል ናት፣ ቱቦዋ ነፋስ ይይዛል፣ ከውሃ በታች የሚይዛት ነገር የለም፣ አብረዋት የሚሸጡት መቅዘፊያዎችም አጭር ናቸው። ስለዚህ ቱቦ ያላት ዲንጊ የገዛ ሰው በሞተሩ ይተማመናል ማለት ነው፤ ሞተሩን በጥንቃቄ መምረጥ አለበት።

የፈረስ ጉልበቱ ሒሳብ

ባለ 3 ሜትር ጀልባ ውሃውን እየገፋች ስትሄድ ፍጥነቷ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ጉልበት ቢጨመር አፍንጫዋ ይነሣል፣ ኋላዋ ይሰምጣል፣ ቤንዚን ይቃጠላል፣ ፍጥነቷ እምብዛም አይጨምርም። ያን ድንበር የምታልፈው ከገዛ ማዕበሏ ላይ ወጥታ በውሃው ፊት መንሸራተት ስትጀምር ነው። ለዚህ በግምት ለየ25 እስከ 28 ኪሎ አንድ የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች 150 ኪሎ፣ የአሉሚኒየም ዲንጊ 50፣ ሞተር 37፣ ቤንዚንና ጋኑ 13፣ ትንሽ ዕቃ 20 ብንል 270 ኪሎ ይመጣል፤ 9.8 የፈረስ ጉልበት በጠባቡ ያነሣዋል፣ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትርም ይወስደዋል። ሦስተኛ ሰው ሲጨመር ወደ ዝግታው ይመለሳል። 6 የፈረስ ጉልበት ሁለት ሰው ለማንሸራተት አይበቃም፤ ስለዚህ ለሁለት ሰው ከ2.5 ወደ 6 ማደግ ከነፋስ ጋር ለመታገል ይረዳል እንጂ ፍጥነቱን ብዙም አይለውጠውም። ብዙ ገዢ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው፦ ክብደቱን ተሸክሞ የጓጓለትን ፍጥነት አያገኝም። ወይ ትንሹን ይግዛና በዝግታው ይስማማ፣ ወይ እስከ 9.8 ይሂድ።

አራት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ወይም በዲንጊ ራቅ ወዳለ የመጥለቂያ ሥፍራ የሚሄድ ሰው 15 ይፈልጋል። በዲንጊዋ የኋላ ሳንቃ ላይ የተለጠፈውን የጉልበትና የክብደት ጣሪያ ግን ማለፍ የለበትም፤ ኋላዋ ከባድ የሆነች ቀላል ዲንጊ በነፋስ አፍንጫዋ ተነሥቶ ወደ ኋላ ትገለበጣለች። የሞተሩ እግር ርዝመትም ከሳንቃው ከፍታ ጋር ይስማማ፦ አጭሩ ለ38 ሴንቲ ሜትር ሳንቃ፣ ረጅሙ ለ51 ነው። ረጅም እግር ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ፕሮፔለሩን ድንጋይ ያስመታል፤ አጭር እግር ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ አየር እየማገ በከንቱ ይሽከረከራል።

ስለ ቱ-ስትሮክ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ስለሚነድበት ሞተር፣ ሳይነሣ የመርከበኞች ወሬ አያልቅም። የያማሃ ባለ 15 ቱ-ስትሮክ 36 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የዚያው ኩባንያ ባለ 15 ፎር-ስትሮክ 50 ኪሎ አካባቢ ነው። እንደ ፎር-ስትሮክ ያለ የቫልቭ አሠራር የለው፣ የዘይት ቋት የለው፤ ካንዴላና ካርቡሬተር የሚያውቅ የዓሣ አጥማጅ መካኒክ ሁሉ ይፈታዋል። በካሪቢያን ደሴቶች መለዋወጫው በየመንደሩ አለ። ነገር ግን ገና ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ከሚጠጣው እስከ ሩብ የሚሆነው ሳይነድ ወደ ውሃው ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ከ1998 ጀምሮ በደረጃ፣ የአውሮፓው ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በዚህ ላይ ስለጠበቁ አዲስ የካርቡሬተር ቱ-ስትሮክ በሁለቱም ገበያ አይሸጥም። እኔ ክብደቱን ብወድለትም አልመክረውም። ሰው ዓሣ በሚያጠምድበት፣ ልጆች በሚዋኙበት ወሽመጥ ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን መልቀቅ 14 ኪሎ ለማትረፍ የሚከፈል ትክክለኛ ዋጋ አይመስለኝም።

ስም ብቻ አይቶ መግዛትም አይበቃም። ኖርዌይ ተወልዶ በዊስኮንሲን ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ በ1909 መሸጥ የጀመረው ሞተር የአውትቦርድ፣ ማለትም ከጀልባ ኋላ የሚሰቀል ሞተር፣ ኢንዱስትሪ መነሻ ነው። ያን ስም የያዘው ምርት በ2020 ቆመ። ዛሬ ያገለገለ ርካሽ ኤቪንሩድ የሚያገኝ ሰው ከጊዜ ወደ ጊዜ መለዋወጫው እየራቀው እንደሚሄድ ይወቅ። በምትሄዱበት ደሴት የውሃ ታክሲዎቹ ምን ሞተር እንደሚጠቀሙ ማየት ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግራችኋል።

ሞተር ሲተኛ ይታመማል

ትንንሽ አውትቦርዶች የሚበላሹት በሥራ ብዛት ሳይሆን በቦዘኔነት ነው። አሜሪካ ውስጥ በየማደያው የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኤታኖል አለው፤ ኤታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ሲበዛም ውሃው ተለይቶ ከጋኑ ሥር ይተኛል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ጥቂት ቤንዚን ደግሞ ሲተን ሙጫ ይሆናል፤ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ከመርፌ ዓይን ስለሚጠብ ያች ሙጫ ትበቃዋለች። ሞተሩ ለሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቀመጥ ከሆነ የቤንዚን ቧንቧውን ነቅሎ እስኪጠፋ ማስኬድ ወይም ካርቡሬተሩን በታችኛው ብሎን ማፍሰስ ነው። ከተቻለ ኤታኖል የሌለው ቤንዚን ይገዛ፤ ውሃ የሚለይ ማጣሪያ ይጨመር።

ሞተሩ ሲነሣ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ይፈሳል፤ ማቀዝቀዣው መሥራቱን የሚናገር ምልክት ነው። ያ ውሃ ከቆመ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በእግሩ ውስጥ ያለችው የጎማ ክንፍ መቀደዷ ወይም መውጫው በጨው መደፈኑ ነው። ትርፍ የጎማ ክንፍ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ ትርፍ የማስነሻ ገመድና ለሞተሩ የተሠራ ቁልፍ በጀልባዋ ላይ ካልኖሩ የሩቅ ጉዞ አይታሰብ።

ኤሌክትሪክ የሚለውጠው

የኤሌክትሪክ አውትቦርድ አሁን ዘመኑ መጥቶለታል። በ2005 ጀርመን ውስጥ የተመሠረተውን ቶርኪዶን ያማሃ በ2024 ገዝቶታል፤ ከሆንግ ኮንግ የተነሣው ኢፕሮፐልሽንም በየወሽመጡ ይታያል። ስፒሪት የተባለችው የዚህ ኩባንያ ሞተር ጉልበቷ 1,000 ዋት፣ ባትሪዋ 1,276 ዋት-ሰዓት ነው። በሙሉ ጉልበት አንድ ሰዓት ከሩብ ትሠራለች ማለት ነው፤ በግማሽ ፍጥነት ብዙ ሰዓት ትቆያለች። ኃይሏ ከ3 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር ጋር ይነጻጸራል። ባትሪው ተለይቶ ስለሚነሣ ማንም ሰው በሁለት ዙር ያነሣዋል።

በጀልባዋ ላይ 400 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ያለው ሰው በካሪቢያን ቀን ያን ባትሪ ሞልቶ ይተርፈዋል። ቤንዚን የሚባል ተቀጣጣይ ነገር ከጀልባዋ ይወጣል፤ የናፍጣ ሞተር ላላት ጀልባ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ካርቡሬተር የለ፣ የማስነሻ ገመድ የለ፣ ሕፃን ተኝቶ ቢሆን አይነቃም። ለአናፖሊስ ጸጥ ያሉ የወንዝ ክንዶች፣ ዲንጊ የሚታሰርባቸው ትንንሽ መቆሚያዎች በየመንገዱ ጫፍ ላሉበት ለስፓ ክሪክ፣ ከዚህ የተሻለ ሞተር አላውቅም። ሆኖም ለንግድ ነፋስ ወሽመጥ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ መልህቅ ለጣለ ቤተሰብ፣ የዛሬዎቹ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አይበቁም፤ ፊት ለፊት ነፋስ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ማንሸራተትም አይችሉም።

ስለ ጣናም የሚያስብ አንባቢ ይኖራል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ እዚያ 9.8 የተባለው ወደ 8 ይወርዳል፤ ካርቡሬተሩም ለቀጭኑ አየር ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ ጣጣ የለበትም።

ወደ ምዕራብ የሚወስደው ነፋስ

ወደ አድሚራልቲ ቤይ ነፋስ ልመለስ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚያ ነውና። ማታ ከመንደሩ ወደ ጀልባው የሚመለስ ሰው ነፋሱ ከኋላው ነው፤ ሞተሩ በመካከል ቢጠፋ ነፋሱ ከወሽመጡ አፍ አውጥቶ ወደ ምዕራብ ይገፋዋል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ምዕራብ እስከ ኒካራጓ ድረስ 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ነው። ስለዚህ በዲንጊዋ ውስጥ ሁልጊዜ መቅዘፊያ፣ ትንሽ መልህቅ ከረጅም ገመድ ጋር፣ ነጭ መብራት፣ በእጅ የሚያዝ ሬዲዮና የሕይወት ጃኬት ይኑር። ገና ከወሽመጡ ሳይወጣ መልህቋ ከተጣለች ችግሩ በዚያው ያበቃል።

ሌላው የሞተር ማጥፊያው ገመድ ነው። ገመዱ በነጂው እጅ ወይም ጉልበት ላይ ይታሠራል፤ ነጂው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል። በግንቦት 2013 በእንግሊዝ አገር ኮርንዎል፣ በፓድስቶው አጠገብ፣ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ከፈጣን የቱቦ ጀልባ ወደቀ፤ ገመዱ አልታሠረም ነበርና ጀልባዋ ያለ ነጂ እየዞረች ተመልሳ መታቻቸው፤ አባትና የስምንት ዓመት ልጁ ሞቱ። አሜሪካ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ርዝመታቸው ከ8 ሜትር ገደማ በታች በሆኑ፣ 3ና ከዚያ በላይ የፈረስ ጉልበት ባላቸው ጀልባዎች በፍጥነት ለሚነዱ ሁሉ ገመዱን ማሠር ግዴታ አድርጋለች። ሕጉ ባይኖርም መታሠር ያለበት ነገር ነው፤ በተለይ ልጅ በጀልባዋ ላይ ካለ።

በሜሪላንድ ደግሞ ሞተር ያላት ጀልባ ሁሉ፣ ኤሌክትሪክም ብትሆን፣ ትመዘገባለች፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለደ ነጂ የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት መያዝ አለበት፤ ዕድሜው ከ13 በታች የሆነ ልጅ በትንሽ ጀልባ ላይ የሕይወት ጃኬት ሳይለብስ አይሄድም።

ፍርዴ ይህ ነው። በቼሳፒክ ለሚቆይ፣ ባለ 9 ወይም 10 ሜትር ጀልባ ላለው ቤተሰብ በአየር የሚነፋ ወለል ያላት ባለ 2.7 ሜትር የፒቪሲ ዲንጊ ከትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ትበቃለች፤ ገንዘብ ካጠረ 2.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎር-ስትሮክ ይሁን። ወደ ካሪቢያን ለመውረድ ለሚዘጋጁ ሁለት ሰዎች ግን ባለ 3 ሜትር የአሉሚኒየም ቀፎ፣ የሃይፓሎን ቱቦና 9.8 ፎር-ስትሮክ እመርጣለሁ፤ ከሞተር ማንሻ ክንድ ጋር። ከዚያ በላይ መሄድ ያለበት በእርግጥ ብዙ ሰው የሚጭን ብቻ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከቤተሰቡ አቅሙ የሚያንሰው ሰው ሞተሩን ከመሬት ያንሣው፣ የዲንጊዋንም ገመድ በመጠምጠሚያው ይጎትተው። ካልቻለ ከዚያ የቀለለውን ግዙ።